ደብረ ዳሞ፦ ዐለቱ፣ ውኃውና ገመዱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ ጥቅምት 14 ቀን የጻድቁን የአቡነ አረጋዊን በዓል ስናከብር በዐይነ ልቡናችን የሚመጣው ሥዕል አንድ ነው። ቀጥ ያለ ገደል፣ በገደሉ ላይ የተዘረጋ ዘንዶ፣ በዘንዶው ረዳትነት የሚወጡ አባት፣ በአጠገባቸውም ሰይፉን የመዘዘ ቅዱስ ሚካኤል። ሥዕሉን ከልጅነታችን ጀምረን እናውቀዋለን። ገደሉ ግን ለብዙዎቻችን የሥዕሉ ዳራ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ከምን እንደ ተሠራ፣ እንዴት ብቻውን እንደ ቆመ፣ በላዩ የሚኖሩ አባቶችስ ምን እንደሚጠጡና ምን እንደሚበሉ ጠይቀን አናውቅም።

በዚህም ምክንያት አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። «በዚህ ዘመን፣ መንገድና ድልድይ በሚሠራበት ጊዜ፣ ለምን በገመድ ይወጣል? ደረጃ ወይም መሰላል ቢሠራለት ምን ነበረበት?» የሚል ነው። ጥያቄው በክፋት የሚጠየቅ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ለገዳሙ ከማዘን የሚመነጭ ነው። ይሁን እንጂ መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ተራራውን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የደብረ ዳሞን መልክዐ ምድር፣ የውኃውን ነገርና የመውጫውን ታሪክ በቅደም ተከተል እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ወደ ጥያቄው እንመለሳለን።

የተራራው አቀማመጥ

ደብረ ዳሞ የሚገኘው በሰሜን ኢትዮጵያ በትግራይ ምድር ነው። ከአዲግራት ወደ ዓድዋና ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ቢዘት ከተባለችው ከተማ አካባቢ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው አገር ሸለቆና ኮረብታ የተፈራረቁበት፣ ቋጥኝ የበዛበት ነው። አምባው ከሩቅ ሲታይ ጫፉ በሰይፍ እንደ ተቆረጠ ጠፍጣፋ፣ ዙሪያው ደግሞ እንደ ግንብ ቀጥ ያለ ነው።

ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,216 ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ሲታይ የሚያስደንቅ አይደለም። የራስ ደጀን ተራራ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ በዙሪያው ካሉት ደጋዎችም ከደብረ ዳሞ የሚበልጡ አሉ። ስለዚህ የደብረ ዳሞ ልዩነት ከቁመቱ አይደለም፤ ከዙሪያው ተለይቶ መቆሙ ነው። በአንድ በኩል እንኳ ከጎረቤቱ ኮረብታ ጋር የሚያያይዘው ተዳፋት የለውም። በየትም በኩል የመጣ ሰው መጨረሻ ላይ የሚገጥመው ቀጥ ያለ ዐለት ነው። በመውጫው በኩል እንኳ ይህ የዐለት ግንብ 15 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም የአምስት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው።

የአምባው ላይኛ ክፍል በርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በስፋቱም በሰፊው በኩል እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ በድንጋይ የተሠሩ የመነኮሳት ቤቶች፣ የተፈለፈሉ የውኃ ጉድጓዶች፣ የመቃብር ቦታና ጥቂት ዛፎች ይገኛሉ። አንድ ትንሽ መንደር በሰማይና በምድር መካከል የተቀመጠ ይመስላል።

አምባ እንዴት አምባ ሆነ?

በሀገራችን አምባ የምንላቸው ጫፋቸው ጠፍጣፋ፣ ዙሪያቸው ገደል የሆኑ ተራሮች ሁሉ ከአንድ ዐይነት ዐለት የተሠሩ አይደሉም። የወሎ ግሼን ደብረ ከርቤ ያለችበት አካባቢ በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ፈልቶ ከወጣ እሳተ ገሞራ የረጋ ጥቁር ድንጋይ ነው። ደብረ ዳሞ ግን የአሸዋ ድንጋይ ነው። አሸዋ በንብርብር ተጠራቅሞ፣ ከላዩ በተጫነው ክብደትና በመካከሉ በሰረገው ማዕድን ተጣብቆ እንደ ጡብ የጠነከረ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በአግድም ተደርድሮ ይታያል።

ይህ ንብርብር በአንድ ወቅት ሰፊ አገር የሸፈነ ነበር። በረጅም ዘመን ውስጥ ዝናብና ወንዝ እየሸረሸሩ ሸለቆ አወጡበት። ከላይ ያለው ጠንካራ ክፍል ከሥሩ ያለውን እንደ ክዳን ይጠብቀዋል። ክዳኑ በተሰበረበት ቦታ ሁሉ ከሥር ያለው ፈጥኖ ይታጠባል፤ ክዳኑ በተረፈበት ቦታ ደግሞ አምባ ይቀራል። በሌላ አነጋገር ደብረ ዳሞ ከዙሪያው ከፍ ከፍ ብሎ ያደገ አይደለም፤ ዙሪያው ሁሉ ሲወሰድ እርሱ ሳይወሰድ የቀረ ነው።

ገደሉ ቀጥ ያለበትም ምክንያት አለው። የአሸዋ ድንጋይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ስንጥቆች አሉት። ከግርጌው ያለው ክፍል ሲሸረሸር ከላይ ያለው ቋጥኝ ድጋፍ አጥቶ በስንጥቁ ልክ ተገንጥሎ ይወድቃል፤ ኋላው የሚቀረውም በገመድ እንደ ተለካ ግድግዳ ነው። ከአምባው በታች ባለው ተዳፋት ላይ ተበትነው የሚታዩት ትልልቅ ቋጥኞች እንዲህ የወደቁ ናቸው።

የአሸዋ ድንጋይ ሌላም ጠባይ አለው፤ ለመሮና ለመጥረቢያ ይታዘዛል። በገርዓልታ ያሉት ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ ዐይነት ድንጋይ ውስጥ የወጡ ናቸው። ይህ ጠባይ ለደብረ ዳሞ ሕይወት ምን ያህል ታላቅ ስጦታ እንደ ሆነ ስለ ውኃው ስንናገር እናየዋለን።

ጻድቁና መውጫው

ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ የመጀመሪያ ስማቸው ዘሚካኤል ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከሌሎቹ ቅዱሳን ጋር ወደ አክሱም መጥተው፣ በኋላም እያንዳንዳቸው ወደየበረሓው ሲከፋፈሉ እርሳቸው ወደ ዳሞ መጡ። «አረጋዊ» የተባሉትም በዕድሜ ሳይሆን በጥበባቸው እንደ ሽማግሌ ስለ ነበሩ መሆኑን አባቶች ያስተምራሉ። አንዳንዶቻችን ስሙን ገደል ከመውጣታቸው ጋር እናያይዘዋለን፤ ነገር ግን «ዐረገ» (ወጣ) በዐይኑ «ዐ» ሲጻፍ «አረጋዊ» በአልፋው «አ» የሚጻፍ የሽምግልና ቃል ነው።

ጻድቁ ከተራራው ሥር ደርሰው መውጫ ባጡ ጊዜ እግዚአብሔር ዘንዶን እንዳዘዘላቸው፣ ዘንዶውም ጠምጥሞ ወደ ላይ እንዳደረሳቸው፣ ቅዱስ ሚካኤልም እንዳይጎዳቸው በሰይፍ እንደ ጠበቃቸው ገድላቸው ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባናል። አንዳንዶች የተራራን አፈጣጠር በሥነ ምድር መግለጽ ተአምሩን የሚቀንስ ይመስላቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ ዐለቱን ካወቁ በኋላ ገድሉን እንደ ተረት ይቆጥሩታል። ሁለቱም አይደለም። ተአምር የሚባለው የተፈጥሮ ሕግ ባለበት ነው። ገደሉ በቀላሉ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ የዘንዶው መታዘዝ ባላስፈለገ ነበር። ያ 15 ሜትር ዐለት እንዴት ቀጥ እንዳለ፣ እጅ የሚያዝበት ቦታ እንዴት እንዳጣ ባወቅን ቁጥር ጻድቁ በግርጌው ቆመው ያዩትን እናያለን። ዐለቱን በዘመናት የቀረጸው፣ ዘንዶውንም በአንድ ቀን ያዘዘው አንድ እግዚአብሔር ነው።

ውኃ በዐለት ላይ

በአምባ ላይ ለሚኖር ሰው ትልቁ ጥያቄ ከጠላት እንዴት ልዳን የሚለው ሳይሆን ምን ልጠጣ የሚለው ነው። በአምባው ላይ ወንዝ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ወንዝ ከከፍታ የሚወርድ ነውና ከአምባው የሚበልጥ ከፍታ በላዩ የለም። ያለው ዝናብ ብቻ ነው። የአካባቢው ዝናብ ደግሞ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ የሚጠቃለል ነው። ስለዚህ የሁለት ወራት ውኃ ለዓመት እንዲበቃ ማድረግ ግድ ነው።

አባቶች ይህን ያደረጉት ዐለቱን በመፈልፈል ነው። በአምባው ላይ ልዩ ልዩ ስፋት ያላቸው ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ የዝናቡ ውኃ በዐለቱ ላይ እየፈሰሰ ወደ እነርሱ ይገባል። ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ወደ አንድ ጉድጓድ የሚያዘነብል 1,000 ካሬ ሜትር ዐለት ቢኖርና በአንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ፣ የሚፈሰው ውኃ 20,000 ሊትር ነው። ባዶ ዐለት እንደ አፈር አይመጥም፤ አብዛኛውን ያፈሰዋል። ስለዚህ በደብረ ዳሞ ያለው ችግር የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ዋናው የመያዝ ነገር ነው። ጉድጓድ ያላገኘው ውኃ ሁሉ ከገደሉ ጫፍ ወርዶ ይጠፋል።

ከዝናቡ በኋላ ጉድጓዱ ለወራት ክፍት ሆኖ ፀሐይ ይመታዋል፤ ላዩም አረንጓዴ ልባስ ይለብሳል። ከዚህ ውኃ መነኮሳቱ ይጠቀማሉ፤ እንግዳም ሲመጣ የሚቀርብለት ከዚሁ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ሕዝበ እስራኤል የሕይወትን ውኃ ምንጭ ትተው ውኃ የማይዙ የተቀደዱ ጉድጓዶችን ለራሳቸው እንደ ቆፈሩ በምዕራፍ 2 ቁጥር 13 ይወቅሳል። በዐለት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ጉድጓድ ቢሰነጠቅ ሰው ይጠማል። ጸጋ እንደ ክረምት ዝናብ በብዛት ይወርዳል፤ የሚጠይቀን የሚይዝ ልብ መቆፈራችንን ነው።

በአምባው ላይ ያለው ኑሮ

ዐለት ላይ ያለው አፈር ስስ ነው፤ የአንድን ማኅበረ መነኮሳት ቀለብ የሚችል እርሻ አይወጣውም። ስለዚህ እህሉ፣ ማገዶው፣ ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ሁሉ ከታች ይመጣል፤ የመጨረሻውንም 15 ሜትር በገመድ ይወጣል። ገመዱ ከቆዳ ጠፍር የተገመደ ነው። ለሰው መውጫ ሁለት ገመድ አለ፤ አንዱ በወገቡ ይታሰርና ከላይ ያሉ አባቶች ይስቡታል፣ ሁለተኛውን እርሱ ራሱ በእጁ ይዞ፣ በብዙ ዘመን እግር በተላጉ የዐለት ጎድጓዳ ቦታዎች እየረገጠ ይወጣል። በግም ሆነ በሬ ካስፈለገ የሚወጣው እንዲሁ ታስሮ ነው። በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ወደ አምባው ሴት አትወጣም፤ እንስት እንስሳም እንዲሁ። የጻድቁ እናት ቅድስት እድና ልጃቸውን ተከትለው መጥተው ከተራራው ግርጌ በምንኩስና እንደ ኖሩ በትውፊት ይነገራል፤ ሴቶች ምእመናትም በረከቱን የሚቀበሉት በእርሳቸው ፈለግ ከግርጌው ሆነው ነው።

በአምባው ላይ ያለው ታላቁ ቤተ ክርስቲያን በአክሱም ዘመን የአሠራር ጥበብ የታነጸ ነው። ግድግዳው ድንጋይና እንጨት በፈረቃ እየተነባበሩ የተሠራ ሲሆን፣ ባለሙያዎች «የዝንጀሮ ራስ» የሚሏቸው የእንጨት ጫፎች ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። በጣሪያው የእንጨት ገበታዎች ላይ ልዩ ልዩ እንስሳት ተቀርጸዋል። በአርጅና ምክንያት ለመፍረስ በተቃረበ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዛዊው ባለሙያ በዴሬክ ማቲውስ መሪነት ጥገና ተደርጎለታል። እያንዳንዱ የእንጨት ሠረገላ ከታች መጥቶ ያን ገደል እንደ ወጣ ስናስብ፣ ሕንፃው ራሱ የብዙ ሰው ትከሻ ውጤት መሆኑ ይታወቀናል።

ገደሉ የጠበቀው

አምባው የጸሎት ቦታ እንደ ሆነ ሁሉ በጭንቅ ቀን መጠጊያም ሆኗል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአህመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት ጊዜ ዐፄ ልብነ ድንግል ከቦታ ወደ ቦታ ሲሰደዱ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1540 ያረፉት በደብረ ዳሞ ነው፤ የተቀበሩትም በዚያው ነው። ንግሥት ሰብለ ወንጌልም በአምባው ተጠልለው ቆይተው፣ በ1541 በክሪስቶፎር ደጋማ የሚመራው የፖርቱጋል ጦር ሲደርስ ወርደው ተቀላቅለዋል። ለሴት የማይፈቀደው አምባ በዚያ የመከራ ዘመን ለንግሥቲቱ መጠጊያ መሆኑ ሥርዓቱ ከርኅራኄ ጋር እንደሚኖር የሚያስታውስ ነው።

ገደል ሰይፍና ጦር ለያዘ ሠራዊት አጥር ነበር። ከሩቅ ለሚወረወር የዘመናችን መሣሪያ ግን አጥር አይሆንም። ጥንት ዐለቱ የጠበቃቸውን አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ዛሬ የሚጠብቃቸው የሰዎች ኅሊናና ሰላም ነው። ስለ ሀገራችን ሰላም የምንጸልየው ጸሎት ለእነዚህ አምባዎችም አጥር መሆኑን ልናስብ ይገባል።

ታዲያ ደረጃ ለምን አይሠራለትም?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ደብረ ዳሞ በአንድ ወቅት መወጣጫ እንደ ነበረው ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሥ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ባሠራ ጊዜ ድንጋይና እንጨት የሚጓጓዝበት መወጣጫ አሠርቶ ነበር። ሥራው ሲፈጸም ጻድቁ መወጣጫው እንዲፈርስ ጠየቁ፤ ፈረሰም። «ዳሞ» የሚለው ስምም ጻድቁ «አፍርሰው» ሲሉ ከተናገሩት የግእዝ ቃል እንደ መጣ አባቶች ይተርካሉ።

ይህን ልብ ብለን እንመልከት። ገመዱ የቀረው ደረጃ መሥራት ስላልተቻለ አይደለም። ተሠርቶ ነበር፤ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ግን በፈቃድ ፈረሰ። ስለዚህ ገመዱ የድህነት ምልክት አይደለም፤ የገዳሙ መሥራች የመረጡት ሥርዓት ነው። እግዚአብሔር በደብረ ሲና ለመገለጥ በወደደ ጊዜ ለሕዝቡ በተራራው ዙሪያ ወሰን እንዲያደርግ ሙሴን አዝዞታል (ዘጸ. 19፥12)። በሲና ወሰኑ በትእዛዝ ተሠራ፤ በዳሞ ወሰኑ ከዐለቱ ጋር የተፈጠረ ነው።

ገመዱ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው መለየት ነው። ማንም ሳያስብ፣ በመንገድ ሲያልፍ ጎራ ብሎ አይገባም፤ የሚወጣ ሰው አስቦ፣ ፈርቶና ወስኖ ይወጣል። ሁለተኛው መተማመን ነው። ገመዱን ከላይ የሚይዝ ሰው ከሌለ ማንም አይወጣም። ወጣቱም ጎልማሳውም፣ ባለጸጋውም ድኻውም ወገቡን አሳስሮ ነፍሱን በማያውቀው መነኩሴ እጅ ያኖራል። ሰው ሁሉ በራሱ ጉልበት እወጣለሁ በሚልበት ዘመን ይህ ራሱ ትምህርት ነው።

ከሌላ አገር ምሳሌ ማየትም ይጠቅማል። በግሪክ አገር ሜቴዎራ በተባለው ቦታ መነኮሳት በዐለት ዐምዶች ጫፍ ላይ ገዳማትን ሠርተዋል። እነርሱም ለብዙ መቶ ዓመታት ሰውንም ዕቃንም በመረብና በገመድ ይስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዐለቱ ተፈልፍሎ ደረጃ ወጣለት። ከዚያ በኋላ ቦታው በጎብኚ ብዛት ከሚታወቁት የግሪክ ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። በጥንት ጊዜ ከ20 በላይ የነበሩት ገዳማት ዛሬ መነኮሳትና መነኮሳይያት የሚኖሩባቸው ስድስት ብቻ ናቸው። የቁጥሩ መቀነስ ምክንያቱ ደረጃው ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የፈረሱ ናቸው። ነገር ግን ደረጃ እንግዳን ማምጣት እንደሚችል፣ ጸጥታን ግን መልሶ ማምጣት እንደማይችል ያስተምረናል።

ይህን ስንል በገዳማት ምንም አዲስ ነገር አይሠራ ማለታችን አይደለም። የውኃ ጉድጓድ መጠገን፣ የታመሙ አረጋውያን አባቶችን መርዳት፣ ቅርስን ከእሳትና ከእርጥበት መጠበቅ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የሚለየው ጉዳይ ማን ይወስናል የሚለው ነው። ለገዳሙ የሚበጀውን የሚያውቁት በዚያ የሚኖሩት አባቶች ናቸው። እኛ ከታች ሆነን ስለ መውጫው ከምናስብ ይልቅ እነርሱ ምን እንደ ቸገራቸው ብንጠይቅ መልሳቸው ደረጃ ላይሆን ይችላል፤ ውኃ፣ እህል ወይም ጠፍር ሊሆን ይችላል።

ከተሳላሚው ምን ይጠበቃል?

ወደ ደብረ ዳሞ የምንሄድ ሁሉ ከላይ ያየነውን ይዘን ብንሄድ ለራሳችንም ለገዳሙም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ፣ በአምባው ላይ የምንጠጣው እያንዳንዱ ጽዋ ከክረምት የተረፈ ነው። ስለዚህ የሚበቃንን ውኃ ይዘን እንውጣ፤ የያዝነውንም የፕላስቲክ ዕቃ መልሰን እናውርድ። ወደ አምባው የሚወጣ ሁሉ በሰው ክንድ የወጣ ነው፤ ቆሻሻውም በሰው ክንድ ካልወረደ በዚያው ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ዐለቱ ለመሮ የሚታዘዝ መሆኑን አንርሳ። በብረት ስሙን የሚጭር ሰው በጥቂት ደቂቃ ያበላሸውን ዘመናት አይመልሱትም።

ሦስተኛ፣ ከፍታ የሚያዞረው፣ ዕድሜው የገፋ ወይም ሕመም ያለበት ሰው ሳልወጣ ቀረሁ ብሎ አይዘን። ከግርጌው ቆሞ የሚጸልይ ከቅድስት እድና ጋር ነው የቆመው። ገደሉን መውጣት በራሱ ጽድቅ አይደለም፤ ለመፎካከርና ለፎቶ ግራፍ የሚወጣማ ከወጣበት ምንም ሳይዝ ይወርዳል።

አራተኛ፣ እጃችንን ባዶ አድርገን አንሂድ። ያመጣነው አንድ ቁና እህል ወደ ላይ ሲሳብ ስናይ፣ እኛ በገበያ በቀላሉ የገዛነው በዚያ ቦታ ምን ያህል እንደሚከብድ እንረዳለን።

ጌታችን በወንጌል ቤቱን በዐለት ላይ ስለ ሠራ ልባም ሰው ሲያስተምር፣ ዝናብና ጎርፍ በመጡ ጊዜ ቤቱ እንዳልወደቀ ተናግሯል (ማቴ. 7፥24-25)። ደብረ ዳሞ ይህን ቃል በዐይን የምናይበት ቦታ ነው። ዙሪያውን ያጠበው ጎርፍ እርሱን አላፈረሰውም፤ በላዩም ከ1,400 ዓመታት በላይ ጸሎት ሲደርስበት ኖሯል። ይህ ጸሎት እንዲቀጥል የእኛ ድርሻ ተራራውን ዝቅ ማድረግ ሳይሆን ገመዱን ከያዙት አባቶች ጋር አብሮ መያዝ ነው።

የጻድቁ አባታችን የአቡነ አረጋዊ ጸሎታቸውና በረከታቸው ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።